ለዓለም የመሮጫ ጫማ ሰጥቶ ራሱ መሮጥ ያቃተው አሰልጣኝ



የ2022ቱን የዩጂን የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ታስታውሳላችሁ አይደል? ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ጎተይቶም ገብረስላሴና ታምራት ቶላ በማራቶን፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጡበት። አገራችን 10 ሜዳሊያ ይዛ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ የወጣችበት። የጉዳፍን ፍጻሜ ለማየት ከሌሊቱ አስር ሰዓት አልፎ ነቅተን የጠበቅን አለን።

እሺ፣ አሜሪካ ያን ሁሉ ትልልቅ ከተማ ይዛ የዓለም ሻምፒዮናን ለምን ዩጂን ለምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሰጠች? ብዙ ሰው ከዚያ በፊት ስሟን እንኳ አልሰማም ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ብትከተሉት አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ ላይ ያደርሳችኋል። ስሙ ቢል ቦወርማን ነው።

ከሞተ ሩብ ክፍለ ዘመን አልፎታል። ስሙን ባታውቁትም ስራውን ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት አሁን እግራችሁ ላይ ነው። ዛሬ የእሱን ህይወት እናወራችኋለን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦወርማን በየካቲት 1911 በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፖለቲከኛ ነበር፤ እንዲያውም የግዛቷ ተጠባባቂ ገዥ ሆኖ ሰርቷል። ነገር ግን ልጁ በአባቱ ስም ተንደላቆ አላደገም። ወላጆቹ ተፋቱ። መንታ ወንድሙ ገና በህፃንነቱ በአሳንሰር አደጋ ሞተ። እናቱ ልጆቿን ይዛ ፎሲል ወደምትባል የገጠር ከተማ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ተመለሰች።

ከዚያ ሜድፎርድ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ገባ። ረባሽ ነበር፣ ተደባዳቢም። አንድ የትምህርት ሃላፊ ጠርቶ ልክ ልኩን ነገረው፤ ያን ሁሉ ጉልበት ወይ ለቁም ነገር ያውለው ወይ ከዚያ ይሂድ። ልጁ ሰማ። ይህቺን ነገር ያዙልን፤ አንድ ጎረምሳን ከመንገድ የሚመልስ አስተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ቦወርማን የተማረው ራሱ ላይ ነው።

በ1929 ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጋዜጠኝነት አጠና፣ የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫወተ፣ በአሰልጣኝ ቢል ሄይዋርድ ስር ሆኖ ሮጠ። ዛሬ የምናውቀው ሄይዋርድ ፊልድ ስታዲየም የተሰየመው በእኚህ ሰው ነው። ቦወርማን ከተመረቀ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረና እያሰለጠነ ኖረ። በ1936 የሜድፎርድ ፍቅረኛውን ባርባራን አገባ። ለሰርጋቸው ከመጡት ስጦታዎች አንዱ የዋፍል መጥበሻ ነበር። መጥበሻው በኋላ ስለሚመጣ እንዳትረሱት።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በተራራ ላይ ውጊያ በሰለጠነው በ10ኛው ክፍለ ጦር ጣሊያን ዘመተ። በጀግንነቱ የብር ኮከብ ሜዳሊያ ተሸለመ። ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት ጀርመኖች ወደነበሩበት ሄዶ እጃቸውን እንዲሰጡ ተደራድሯል። ከዚያ ወደ ኦሪገን ተመለሰና በ1948 የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

በዚያን ጊዜ የነበረው አስተሳሰብ ቀላል ነበር። ጠንክሮ የሰራ ያሸንፋል፤ ስለዚህ በየቀኑ እስክትወድቅ ስራ፣ ነገም ድገም። ቦወርማን ግን ልጆቹን እያየ አንድ ነገር ገባው። ሰውነት የሚጠነክረው ሲለፋ ብቻ ሳይሆን ከልፋቱ በኋላ ሲያርፍ ነው። ልፋቱ ጡንቻን ያደክማል፤ ዕረፍቱ ደግሞ ጠግኖ ከበፊቱ ጠንካራ ያደርገዋል። ዕረፍት ካልሰጠኸው ጥገናው ሳያልቅ እንደገና ታፈርሰዋለህ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ከባድ፣ ቀጥሎ ያለው ቀን ቀላል የሚል ስርዓት አወጣ። ለአንዱ አንድ ቀን ዕረፍት ይበቃዋል፣ ለሌላው ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። ሁሉንም በአንድ ልክ አልቆረጠም። የእያንዳንዱን ልጅ ሰውነት ለየብቻ አጠና። ዛሬ ይሄ የማንኛውም የሩጫ አፕ ሀሁ ነው። ያኔ ግን ስንፍናን ማስተማር የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ።

የማይሰሙ ልጆችም ነበሩት። አንዱ ኬኒ ሙር ይባላል። ሙር የልፋት ሱስ ያለበት ልጅ ነው። አሰልጣኙ ቀላል ቀን ነው ሲለው ተደብቆ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ውጤቱ ግን አይሻሻልም፣ ሁሌ እንደደከመ ነው። ቦወርማን አንድ ቀን ደረሰበትና አንገቱን አነቀው። ቃል በቃል አነቀው! ለሶስት ሳምንት ከታዘዘው በላይ አንዲት እርምጃ እንዳይሮጥ ቃል አስገባው። ሙር በግዱ አረፈ። ከሶስት ሳምንቱ በኋላ በሁለት ማይል ውድድር የራሱን ምርጥ ሰዓት ከ20 ሴኮንድ በላይ አሻሻለ። በኋላ ለሁለት ኦሊምፒክ የበቃ ማራቶኒስት ሆነ።

ማነቁን እያደነቅን አይደለም። ቦወርማን ሻካራ ሰው ነበር። ሳውና ውስጥ ቁልፍ አግሎ የልጆቹ ገላ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ እሱ ቀልድ ነው የሚለው። ዛሬ አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ እንዲህ ቢያደርግ በማግስቱ ስራውን ያጣል፣ ደግሞም ይገባዋል። ልጆቹ ግን ሲያረጁም ስለ እሱ ያወሩ የነበረው በፍቅር ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ደብቀን ሌላውን ብቻ ብናወራችሁ ትክክል አይሆንም።

ውጤቱስ? በ24 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1962፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1970። የመጨረሻውን ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ነው። 31 ኦሊምፒያኖችን አሰልጥኗል። አንድ ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች የሮጡ 16 ልጆች ከእሱ እጅ ወጥተዋል። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ዓለምን ባስደመመበት በዚያው ኦሊምፒክ፣ የቦወርማን ልጅ ኦቲስ ዴቪስ 400 ሜትርን በዓለም ክብረ ወሰን አሸንፏል። ዴቪስ እኮ ኦሪገን የሄደው ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነበር!

ይሁንና ቦወርማን አሰልጣኝ መባልን አይወድም ነበር። አስተማሪ ነኝ ባይ ነው።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ።

ቦወርማን በ1950ዎቹ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው። የሩጫ ጫማዎች ከባድ ነበሩ። ሂሳቡን ሰራው። አንድ ሯጭ በአንድ ማይል ውስጥ ወደ 880 እርምጃ ይራመዳል። ከጫማው ላይ 28 ግራም ብቻ ብትቀንስለት በአንድ ማይል 25 ኪሎ ያህል ሸክም ከማንሳት አዳንከው ማለት ነው። ይሄ ለአሸናፊነትና ለተሸናፊነት ልዩነት በቂ ነው።

ለጫማ ፋብሪካዎች ጻፈ። የሰማው አልነበረም። ስለዚህ ራሱ ጫማ መስራት ተማረ። ከአንድ ጫማ ሰሪ አቆራረጡንና አሰፋፉን ቀሰመና ቤቱ ውስጥ ጠባብ የስራ ቦታ አዘጋጀ። ቆዳ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ በማስቲሽ ያጣብቃል። የሰራውንም ልጆቹ እግር ላይ ይሞክራል። መሞከሪያ ከሆኑት አንዱ ፊል ናይት የሚባል፣ በሩጫው ብዙም ያልገነነ ተማሪ ነበር።

ናይት ተመርቆ፣ ቢዝነስ አጥንቶ፣ ጃፓን ሄደና ኦኒትሱካ ከሚባል ኩባንያ ጫማ ለማስመጣት ተስማማ። ናሙናውን ለቀድሞ አሰልጣኙ ያሳየው ምናልባት ለቡድኑ ይገዛኝ ይሆናል ብሎ ነው። ቦወርማን ግን ሸሪክ ልሁን አለ። በጥር 1964 ተጨባበጡ። እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጡ። ድርጅቱን ብሉ ሪበን ስፖርትስ አሉት። ናይት መኪናው ኮፈን ውስጥ ጫማ ጭኖ በየውድድሩ ሜዳ ይሸጣል፤ አሰልጣኙ ጫማውን እየበታተነ እንዴት እንደሚሻሻል ያጠናል። ያ ድርጅት በኋላ ስሙን ቀየረ። አዲሱ ስም ናይኪ ነው። አዎ፣ ያው ናይኪ!

ከዚያ በፊት ግን ሌላም ነገር ሆኖ ነበር። በ1962 መጨረሻ ቦወርማን ቡድኑን ይዞ ኒውዚላንድ ሄደ። እዚያ አርተር ሊዲያርድ የሚባል ታዋቂ አሰልጣኝ ተራ ሰዎችን፣ ሴት ወንድ፣ ሽማግሌ ወጣት ሳይል በየሳምንቱ ሶምሶማ ያስሮጥ ነበር። ቦወርማንም አብሯቸው ወጣ። ዕድሜው 51 ነው፤ ራሱን ጠንካራ ሰው አድርጎ ነው የሚያስበው። አቀበቱ ላይ ሲደርሱ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። አጠገቡ ሆኖ እየጠበቀ ያስሮጠው ማን መሰላችሁ? ከ70 ዓመት በላይ የሆነው፣ የልብ ህመም የነበረበት ሽማግሌ!

አፈረ። ግን ሀፍረቱን ይዞ ዝም አላለም። ዩጂን ሲመለስ ለከተማው ነዋሪ የሶምሶማ ትምህርት ጀመረ። ከዚያ ዋልዶ ሃሪስ ከሚባል የልብ ሐኪም ጋር ሆነው የጀማሪዎችን መመሪያ አዘጋጁና በ1967 ስለ ሶምሶማ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው መንገድ ላይ ሲሮጥ ቢታይ ወይ ሰርቆ ነው ወይ ጤና የለውም ይባል ነበር። ሩጫ የአትሌት ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሰው ነው የሚለው ሐሳብ አሜሪካ ውስጥ እንዲስፋፋ ካደረጉት ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ቦወርማን ነው።

መጥበሻውን አልረሳችሁትም አይደል?

ሄይዋርድ ፊልድ አሮጌው መም ተነስቶ በሰው ሰራሽ ንጣፍ ሊተካ ነበር። አዲሱ መም ላይ ሹል ብረት ሳይኖረው የሚቆነጥጥ፣ ቀላል የሆነ ሶል ያስፈልጋል። ቦወርማን ቁርስ ላይ ቁጭ ብሎ የባርባራን የዋፍል መጥበሻ አፍጥጦ ያያል። ዋፍል የምታውቁት ነው፤ መጥበሻው እንደ ቀፎ ካሬ ካሬ ጉድጓድ አለው። ይሄ ተገልብጦ ሶል ቢሆንስ? ብሎ አሰበ። የሰርግ ስጦታቸው የሆነውን መጥበሻ ወስዶ ፈሳሽ ፕላስቲክ ገለበጠበት። እንዳይጣበቅ የሚቀባውን ነገር ረስቶ ኖሮ መጥበሻው ግጥም ብሎ ተዘጋ፤ አለቀለት!

እሱ ግን አልተወም። ሌላ መጥበሻ፣ ሌላ ሙከራ። በመጨረሻ ሶሉ ተሳካ። በ1974 ለገበያ የቀረበው ባለ ዋፍል ሶል ጫማ ናይኪን ከትንሽ ድርጅትነት አውጥቶ ትልቅ አደረገው። ከመጀመሪያዎቹ በእጅ ከተሰሩት ጫማዎች አንዱ ጥንድ በ2019 በጨረታ 437,500 ዶላር ተሸጧል።

በ1972 ቦወርማን የአሜሪካ የአትሌቲክስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ወደ ሙኒክ ኦሊምፒክ ሄደ። ለአንድ አሰልጣኝ ከዚህ በላይ ክብር የለም። እሱ ግን ያየው ሐዘን ነው። ታጣቂዎች የኦሊምፒክ መንደሩ ውስጥ ገብተው 11 የእስራኤል ስፖርተኞችንና አሰልጣኞችን የገደሉበት ኦሊምፒክ ነው። በዚያ ሌሊት ካመለጡት እስራኤላውያን አንዱ መጥቶ ያንኳኳው የቦወርማንን በር ነበር። ቦወርማን ቶሎ ብሎ ወደ አሜሪካ ቆንስላ ደወለና ለአትሌቶቹ ጥበቃ የሚሆኑ ወታደሮች አስመጣ። ሳያስፈቅድ ይሄን በማድረጉ የኦሊምፒክ ሰዎች ተቆጥተውበታል።

ሙኒክ ለእኛም ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ የ5 ሺህ ሜትሩን ማጣሪያ ሳይሮጥ የቀረበት ኦሊምፒክ ነው። ማራቶኑ ላይ ደግሞ ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሶስተኛ ወጣ። ከማሞ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ፣ ሜዳሊያ ለጥቂት አምልጦት አራተኛ የገባው ማን ነበር? ኬኒ ሙር፤ ያ አሰልጣኙ አንቆ ያሳረፈው ልጅ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ሙር በኋላ ታዋቂ የስፖርት ጸሐፊ ሆነ። በ1990ዎቹ ማሞ ወልዴ አዲስ አበባ ውስጥ በቀይ ሽብር ተከሶ፣ የፍርድ ውሳኔ ሳያገኝ ለዓመታት ሲታሰር፣ ጉዳዩን ለዓለም ጮክ ብለው ካሰሙት አንዱ ይኸው ሙር ነው። ሜዳሊያውን የወሰደበትን ሰው ነው እንግዲህ! ማሞ በ2002 ተፈታ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አረፈ። ቦወርማን አስተማሪ ነኝ ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም። ሯጭ ብቻ ሳይሆን ሰው አፍርቷል።

ከሙኒክ በኋላ ቦወርማን አሰልጣኝነቱን ለቀድሞ ተማሪው ለቢል ዴሊንጀር አስረከበ። ከዚያ ግን ሌላ ሐዘን መጣ። ከልጆቹ ሁሉ የገነነው፣ በሙኒክ በ5 ሺህ ሜትር አራተኛ የወጣው ስቲቭ ፕሪፎንቴን በግንቦት 1975 በመኪና አደጋ ሞተ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። በዚያን ሰሞን ዩጂን ውስጥ በቦወርማን ስም ሊሰየም የታቀደ ዓመታዊ ውድድር ነበር። አሰልጣኙ በእኔ ስም ሳይሆን በልጁ ስም ይጠራ አለ። ዛሬ በየዓመቱ የምናየው ፕሪፎንቴን ክላሲክ ይሄ ነው። ጉዳፍ ፀጋይ በ2023 የ5 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 14:00.21 ያደረገችው በዚህ ውድድር ላይ ነው።

አሁን መጀመሪያ ቃል ወደገባንላችሁ ነገር እንመለስ።

ቦወርማን ለዓመታት ጫማ ሲሰራ የነበረው አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ማስቲሹና ማሟሟቻው መርዛማ ነገር ነበረበት። ሽታውን እየማገ ሌሊቱን ይሰራል። ማንም አላስጠነቀቀውም፤ እሱም አልጠየቀም። ቀስ በቀስ የእግሩ ነርቭ ተጎዳ። መጀመሪያ እግሩ ይደነዝዘዋል፣ ከዚያ ይደናቀፋል፣ በኋላ አካሄዱ ተበላሸ። ሚሊዮኖችን ጫማ አስሮ ወደ ጎዳና ያወጣው ሰው በሰራው ጫማ መሮጥ አቃተው።

ያሳዝናል አይደል? ልጆቹን አርፉ እያለ ሲያንቅ የኖረ ሰው ራሱን ግን አላሳረፈም። የሌላውን ሰውነት እንደዚያ አጥንቶ የራሱን ምልክት አላነበበም። ናይኪ በ1980 አክሲዮን ሲሸጥ ገንዘቡ መጣ፤ እግሩ ግን አልተመለሰም።

በታህሳስ 24 ቀን 1999፣ በልጅነቱ ወዳደገባት ፎሲል ተመልሶ፣ በ88 ዓመቱ አረፈ። ከሞተ ከአስር ዓመት በኋላ ቤተሰቡ የግቢያቸውን የድሮ ቆሻሻ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የዛገ የዋፍል መጥበሻ አገኙ። ያቺው የ1936ቷ የሰርግ ስጦታ ነበረች።

ቤተሰብ፣ ከዚህ ሰው ህይወት ሁለት ነገር ይዘን እንለያይ።

አንደኛ፣ ዕረፍትም ስራ ነው። ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የምትሮጡ፣ ጂም የምትገቡ፣ ለፈተና ሌሊቱን የምታነጉ፣ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን ካልሰጣችሁት ሰውነታችሁ አይጠነክርም፣ ይሰበራል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ይሄ ለእናንተ ነው፤ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ በትንንሽ የጫማ መስሪያ ክፍሎች በማስቲሽ የምትሰሩ ወንድሞችና እህቶች። መስኮት ክፈቱ። በሩን አትዝጉ። አየር እየወጣችሁ ተቀበሉ። ጣታችሁ ወይም እግራችሁ መደንዘዝ ከጀመረ በድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቢሊየነር ኩባንያ የመሰረተውን ሰው ያልማረ ማስቲሽ እኛንም አይምረንም።

እስቲ እናንተ ደግሞ ንገሩን፤ ከመንገድ የመለሳችሁ፣ አርፉ ወይም ተነሱ ብሎ በሰዓቱ የነገራችሁ አስተማሪ ወይም አሰልጣኝ ማን ነበር? በህይወት ካለ ዛሬ ደውሉለት።

ለጫማ ሰሪው ወዳጃችሁና ዕረፍት ለማያውቀው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉላቸው። ሰላም ሁኑ!